ተሳስተሃል የሚለኝ ሰው

በቅርቡ የአንድ ደንበኛዬን ሱሪ አሳጠርኩና አበዛሁት። ቁርጭምጭሚቱ ታየ፣ ካልሲው ታየ፣ ከካልሲው በላይ ያለው ፀጉር ሳይቀር ታየ። ሰውዬው መስተዋቱ ፊት ዞር ዞር ብሎ ራሱን አየና "ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብሎኝ ሄደ። ድሮ ቢሆን ኖሮ ይኸው ሰውዬ ሱሪውን ጠረጴዛዬ ላይ ወርውሮ "ለልጄ ነው እንዴ የሰፋኸው?" እያለ ሰፈሩን ይጠራብኝ ነበር። እኔም መልስ አላጣም ነበር። አሁን ግን በከተማችን በጭሮ ውስጥ ከእኔ ጋር የሚከራከር ሰው የለም። ሰው ሁሉ ከእኔ ጋር ይስማማል። እንዲህ ያለ ብቸኝነት መኖሩን የማውቀው ስለደረሰብኝ ነው እንጂ ቢነግሩኝ አላምንም ነበር።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከባጃጅ ተራው ጀርባ ነው፤ አብዛኛው ሥራዬ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። እሑድ ደግሞ የአጥቢያችን አስተርጓሚ ነበርኩ። እናቴ የበደሳ ገጠር ልጅ ናት፤ አባቴ ከሌላ ክፍለ ሀገር ለሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እሷ በኦሮምኛ ስትቆጣኝ እሱ በአማርኛ ይቆጣኛል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ቋንቋ ጠንቅቄ አውቃለሁ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ሰባኪና አስተርጓሚ መድረኩ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ሰባኪው በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገርና ዝም ይላል። አስተርጓሚው በኦሮምኛ ይናገርና እሱም በተራው ዝም ይላል። አስተርጓሚ "እሱ እንዲህ ይላል" አይልም። ሰባኪው "እኔ ትናንት ተቆጣሁ" ካለ አስተርጓሚውም "እኔ ትናንት ተቆጣሁ" ነው የሚለው። የሰውን ሚስት "ባለቤቴ"፣ የሰውን ልጅ "ልጄ" እያልኩ፣ የሰውን ኃጢአት በራሴ አፍ እየተናዘዝኩ ብዙ ዓመት ቆሜአለሁ። ያኔ በሕይወት የነበረችው ባለቤቴ አንድ እሑድ ምሳ ላይ "ዛሬ መድረክ ላይ ያማኻት እኔን ነው ወይስ የመምህሩን ሚስት?" ብላኝ እህሉ ትን እስኪለኝ ስቄአለሁ።

መምህሩ የምትለው ሰባኪያችንን ነው። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ከሩቅ ተመድቦ "ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ" ብሎ ገብቶ ወልዶ ከብዶ ቀረ። ኦሮምኛ ለገበያ የሚበቃውን ያህል ይናገራል፤ የሚሰማው ደግሞ ከሚናገረው ይበልጣል። መድረክ ላይ ግን አይደፍርም ነበር። ስለዚህ እሱና እኔ አንድ ሰው ሆነን እንሰብክ ነበር ማለት ይቻላል።

ሰባኪ ወዴት እንደሚሄድ ያላወቀ አስተርጓሚ ገደል ይገባል። በዚህ የተነሳ መምህሩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቄ እየመጣ የነገውን ስብከት ይነግረኝ ነበር። መንገር ስሙ ነው እንጂ ሥራችን ጭቅጭቅ ነበር። ወተት የበዛበት ሻይ ከጎረቤት እናስመጣለን፤ እሱ የደንበኞች በርጩማ ላይ፣ እኔ ከስፌት መኪናዬ ጀርባ እንቀመጣለን። እኔ "ይኼ ነገር ከገጠር ለመጡት እናቶች አይገባቸውም" እላለሁ። "ዓረፍተ ነገርህንም አሳጥርልኝ፣ የጭነት አህያ መሰልኩህ?" እላለሁ። እሱም "ተሳስተሃል" ይላል። ይህን ቃል ሲናገር ጣቱን ጠመኔ እንደያዘ ሰው ያነሳል፤ ከዚያ አንድ፣ ሁለት ብሎ ምክንያቱን ይደረድራል። እኔም ምክንያቱን አንድ በአንድ አፈርስለታለሁ።

ስብከቱ ሲያልቅ ወደ አገር ጉዳይ እንሻገራለን። መሬት የማን ነው፣ ቋንቋ የማን ነው፣ ማን ማንን በደለ፣ አሁንስ ማን እየበደለ ነው። እኔን "አንተ ተረኛ" ይለኛል፤ እኔም "ዝም በል አንተ ነፍጠኛ" እለዋለሁ፤ ሁለታችንም እንስቃለን። አንድ ቅዳሜ የሻይ ቤቷ ሴትዮ የተጣላን መስሏት እጇ እንደራሰ ሮጣ መጥታለች። ስቀን ስታየን "እናንተ ሰዎች ጤናም የላችሁ" ብላን ተመለሰች። ሰው ተሳስተሃል ሲል ቢያንስ ያልከውን ሰምቷል ማለት ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ የአጥቢያ ስብሰባ ላይ ነው። ስብከት በሁለት ቋንቋ ሲሆን ጊዜው እጥፍ ይሆናል፤ ወጣቶቹ በኦሮምኛ ብቻ የሚካሄድ የራሳቸው ፕሮግራም እንዲኖር ጠየቁ። ትልልቆቹ "ዛሬ በሰዓት ከተለያየን ነገ በግንብ እንለያያለን" አሉ። እኔ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ብዬ እጄን አወጣሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ አንድ እሑድ በኦሮምኛ ይሰበክና ወደ አማርኛ ይተርጎም፣ በሚቀጥለው እሑድ እንደ ድሮው ይሁን። በቀጥታ መስማቱንም፣ አስተርጓሚ መጠበቁንም በየተራ እንካፈለው አልኩ።

ከወጣቶቹ አንዱ ተነሳ። "ይኼ የአሃዳዊዎች ዘዴ ነው፤ መልኩን ቀይሮ መጣ" አለና ተቀመጠ። ገና ልጅ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ መምህሩ ተነሳ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ አሁን ጣቱን አንስቶ ተሳስተሃል ይልና ምክንያቱን ይደረድራል፣ እኔም እመልሳለሁ፣ ነገሩም መስመር ይይዛል ብዬ ተዘጋጀሁ። ጣቱን አላነሳም። ወደ እኔም አላየም። "ይህ ሐሳብ ከመንፈስ የመጣ አይመስለኝም። ጊዜ የሰጣቸው የተረኞች ሐሳብ ነው" አለ። እሱም ተቀመጠ።

በአንድ ቀን፣ በአንድ ሐሳብ፣ አሃዳዊም ተረኛም ሆንኩ። ሁለቱ ቃላት አንድ ወንበር ላይ የማይቀመጡ ጠላቶች ናቸው፤ እኔ ላይ ሲደርሱ ግን ተስማምተው ተቀመጡ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሐሳቡ የማይሠራው በዚህና በዚህ ምክንያት ነው ያለኝ አንድም አልነበረም። ክፉ ነው ያለም፣ ደግ ነው ያለም የለም። ስም ተሰጠኝ፤ ሐሳቡም ሳይነካ ወደቀ። ከወጣቱ ቃል ይልቅ ያመመኝ የመምህሩ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የምንስቅበት ቃል ነበር፤ ሳቁን አውልቆ ራቁቱን አመጣብኝ።

በኋላ እንደሰማሁት በዚያው ሳምንት መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንድ ባልደረባው እሱንም ነፍጠኛ ብሎታል። ያም ያለ ሳቅ ነበር። ስለ ፈተና መርሐ ግብር ይከራከሩ ነበር አሉ፤ ከዚያች ቃል በኋላ ስለ ፈተናው ያወራ የለም። ይህን ስሰማ አዘንኩለት። ንዴቴ ግን አልበረደም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ሻይ አዝዤ ጠበቅኩ። ወተቱ ቆዳ እስኪይዝ ድረስ ጠበቅኩ። መምህሩ አልመጣም፤ በምትኩ ስልኬ ጮኸች። ስብከቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጽፎ በቴሌግራም ልኮልኛል። ከላይ "ወንድሜ ሆይ ሰላም ለአንተ ይሁን"፣ ከታች "ጌታ ይባርክህ" ይላል። ወንድሜ ሆይ! አንተ ደንቆሮ፣ አንተ መቀስ እያለ የሚጠራኝ ሰው ነው። እርስዎ ማለት ብቻ ነው የቀረው።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ እሱ ከስልኩ ላይ ያነባል፣ እኔም ከስልኬ ላይ እያየሁ እተረጉማለሁ። ዓይኑን ቀና አያደርግም። "እኔ" ባልኩ ቁጥር የማን እኔ እንደሆነ ግራ ይገባኝ ጀመር። ምዕመናኑም ነገሩ ሸተታቸው። አንዱ ከአምልኮ በኋላ ጠጋ ብሎ "ዛሬ አለሳልሰኸዋል፣ እሱ ጠንከር አድርጎ ነው የተናገረው" አለኝ። በዚያው ዕለት አንዲት እኅት "ምነው ይህን ያህል አከረርከው?" አለችኝ። ቃል በቃል ነበር የተረጎምኩት። ያን ሁሉ ዓመት ስቆም አፌን የጠረጠረው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከጫት ገበያው አጠገብ ፊት ለፊት ተገናኘን። ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋ ሆን ብዬ ነካካሁት። "መምህር፣ የእሑዱ ስብከትህ ከመሠረቱ ስህተት ነበር" አልኩት። ቢቆጣ፣ ቢሰድበኝ፣ መንገድ ላይ ቢጮህብኝ እመርጥ ነበር። እሱ ግን "ልክ ሳትሆን አትቀርም" አለና በትሕትና አልፎኝ ሄደ። ልክ ሳትሆን አትቀርም! በሕይወቴ ከሰማሁት ስድብ ሁሉ የከፋው ይኼ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎቹ አምልኮውን ለሁለት ከፈሉት፤ ጠዋት በኦሮምኛ፣ ረፈድ ሲል በአማርኛ። ማንም አልተጣላም። የፊተኞቹ ሲወጡ የኋለኞቹ ሲገቡ በሩ ላይ ይሳሳማሉ፣ ልጅ እንዴት ነው ይባባላሉ። አስተርጓሚ ግን አያስፈልግም። እኔ አንዱን እሑድ ከጠዋቶቹ ጋር፣ አንዱን እሑድ ከረፋዶቹ ጋር እቀመጥ ጀመር። ጠዋት ስገባ የኋለኞቹ ሰው ነህ ብለው ወንበር ይለቁልኛል፣ እንደ እንግዳ። ረፋድ ስገባም እንደዚያው ነው። አንድ ሽማግሌ እየሳቁ "ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" አሉኝ። እኔ ዛፍ አልወጣሁም፤ የተወለድኩበት መሬት ላይ ነው የቆምኩት። ይህን ልመልስላቸው አሰብኩና ሽማግሌ ናቸው ብዬ ተውኩት።

ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባላል። ከአጥቢያችን የወጣው ስም ሱቄም ደረሰ፣ ሻይ ቤቱም ደረሰ። ሻይ ቤት ገብቼ ስቀመጥ ወሬው ወደ ዝናብና ወደ ጤፍ ዋጋ ይዞራል። አንዳንዴ "አንተስ ምን ትላለህ?" ይሉኛል፤ ነገር ግን ምን እንደምል ከእኔ በፊት ወስነዋል። እንዲያውም አንድ ቀን ሆን ብዬ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ተናገርኩ፤ ሁሉም "እሱማ ልክ ነው" አሉ። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም እንደሚባለው እኔም አፌን ዘጋሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ከሬዲዮ ጋር መከራከር ጀመርኩ። ሬዲዮው ቢያንስ ከእኔ ጋር አይስማማም።

ከዚያ መምህሩ ወደ ሂርና ከተማ ተዛወረ። ራሱ ጠይቆ ነው አሉ። አልተሰናበተኝም፤ የሰማሁት ከሻይ ቤቷ ሴትዮ ነው። "ያ የሚጨቃጨቅህ ሰውዬ ሄደ አይደል?" አለችኝ። በርጩማውን አየሁት፤ የተቆራረጠ ጨርቅ ተከምሮበታል። ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ ለረጅም ጊዜ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ።

ለወራት ቻልኩ። አንድ እሑድ ጠዋት ግን እግሬ ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ ወደ መናኸሪያ ወሰደኝና ሂርና የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ራሴን አገኘሁት። ምን ልለው እንደምሄድ አላውቅም ነበር። የምፈልገውን ግን አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ተሳስተሃል እንዲለኝ ነው የፈለግኩት። ለዚህ ብሎ የትራንስፖርት የሚከፍል ሰው ካለ እኔ ነኝ።

የሂርናው ጸሎት ቤት ጫት ከሚታሰርባቸው መጠለያዎች ጀርባ ያለ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ስደርስ መዝሙሩ አልቋል። የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ከገጠር የመጡ ከሚመስሉ አንዲት ትልቅ ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። መምህሩ መድረኩ ላይ ብቻውን ቆሟል። ከስቷል። ስልክ አልያዘም። እኔን አየኝ አላየኝ እንጃ፤ በአማርኛ መስበክ ጀመረ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረና ዝም አለ። ሁለተኛውን ተናገረና ዝም አለ። ሦስተኛውንም እንደዚያው። የሂርና ሰዎች የእርጋታው መስሏቸው በየመሃሉ "አሜን" እያሉ ይሞሉለታል። እኔ ግን ያንን ዝምታ አወቅኩት፤ በእኔ ልክ የተቆረጠ ነው። አስተርጓሚ በሌለበት አዳራሽ ውስጥ ለአስተርጓሚ ቦታ እየተወ ነበር። ዓረፍተ ነገሮቹም አጫጭር ነበሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምለምነው። እንባዬ መጣ።

አጠገቤ ያሉት እናት በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። "ማል ጄዼ?" አሉኝ፤ ምን አለ ማለታቸው ነው። ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብዬ ነገርኳቸው። ቀጥሎም ነገርኳቸው። መምህሩ ዝም ሲል እኔ በሹክሹክታ፣ እኔ ስጨርስ እሱ በማይክ፤ ሁለታችን እንደገና መስበክ ጀመርን። ስብከቱ ስለ ይቅርታ ነበር። "እኔ ወንድሜን ብበድል፣ እሱ እስኪመጣ አልጠብቅም። ተነሥቼ መሄድ ያለብኝ እኔ ነኝ" አለ። እኔም ለእናቲቱ "ተነሥቼ መሄድ ያለብኝ እኔ ነኝ" አልኳቸው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ተነሥቶ የመጣው እኔ ነበርኩ።

ውጭ ተሳሳምን። "መጣህ?" አለ። "መጣሁ" አልኩ። መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀመጥን። ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት፣ ስለ ሱቄ ጠየቀኝ፤ ሁሉም ደህና ነው ተባለ። ሻዩ ሊያልቅ ነው። ወንድሜ ሆይ እንዳይለኝ ፈራሁና "ስብከትህ ስህተት አለበት" አልኩት። "የበደለ ተነሥቶ ይሂድ ካልክ፣ አንተ ነበርክ ጭሮ መምጣት የነበረብህ።"

ብርጭቆውን አሽከረከረ። ልክ ሳትሆን አትቀርም ሊለኝ ነው አልኩ በልቤ። ከዚያ ጣቱን አነሳ።

"ተሳስተሃል" አለ። "አንደኛ፣ በዳዩ ማን እንደሆነ ብቻህን ነው የወሰንከው። ሁለተኛ፣ የዚያን ስብሰባ ዋዜማ ቅዳሜ ሱቅህ ነበርኩ። ሻይ ጠጣን፣ ስለ ሁሉ ነገር ተጨቃጨቅን፤ ያን ሐሳብህን ግን አንዲት ቃል አልተነፈስክልኝም። ከሰው ሁሉ እኩል ስብሰባ ላይ ሰማሁት። እኔ አንተ ምን እንደምታስብ ከሌላ ሰው እኩል መስማት ነበረብኝ?"

ይህን ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም። "ለዚህ ነው ተረኛ ያልከኝ?" አልኩት።

"አልኩህ" አለ። "እሱ ላይ እኔም ተሳስቼ ይሆናል። እሱን ገና አልጨረስኩትም። አንተ መጀመሪያ መልስልኝ፣ ለምን ቅዳሜ አልነገርከኝም?"

የሚኒባሱ ረዳት "ጭሮ! ጭሮ! የመጨረሻ ነው!" ብሎ ሲጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ሮጥን። መምህሩ የሚኒባሱን በር ይዞ አሁንም ይናገራል፤ ረዳቱ "አባት፣ በሩን ይልቀቁ እንጂ!" እያለ ይለምነዋል። ጣቱ እንደተነሳ ቀረ፤ መኪናው ሲታጠፍ አጣሁት። ደስታዬን ምን ልበላችሁ፤ ተሳፋሪው ሁሉ እያየኝ ብቻዬን ሳቅኩ።

ዳገቱን ስንጀምር ግን ሳቁ ለቀቀኝ። ጥያቄው ከእኔ ጋር ተሳፍሯል። መልሱ የመጣልኝ መንገድ ላይ ያለችው አርበረከቴ ስንደርስ፣ ጉሙ መንገዱን ሲሸፍነው ነው። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ተኝቷል። ወደ መስኮቱ ዞርኩና ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመርኩ።

"ቅዳሜ ያልነገርኩህ አፍሬ ነው" አልኩ። ዝም አልኩ።

"ይህን ሁሉ ዓመት እኔ አንተን ሆኜ ስናገር ኖርኩ" አልኩ። ዝም አልኩ።

"አንድ እሑድ እንኳ እኔ በኦሮምኛ ስሰብክ አንተ ከጎኔ ቆመህ፣ እኔን ሆነህ፣ እኔ እንድትል ፈልጌ ነው።"

ከዚያም እንደ ልማዳችን ቦታውን ትቼለት ጠበቅኩ። ጭሮ እስክንገባ ድረስ የመለሰልኝ አልነበረም።